ከወገብ መርፌ በፊት፦ መግቢያን፣ አቅጣጫንና ጥልቀትን በምስል የመወሰን አሠራር

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ሆስፒታሎች ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ ሰመመን ለሚሰጡ፣ ለምርመራ ከወገብ ፈሳሽ ለሚቀዱ፣ አልፎ አልፎም ከአከርካሪ አጥንት ናሙና ለሚወስዱ ባልደረቦች የተዘጋጀ ነው። በአካል የሚሰጥ ሥልጠናን አይተካም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ልምድ ያለው ባለሙያ አጠገቡ ሳይኖር ይህን አንብቦ ብቻ መርፌ ማንሳት የለበትም። የመመሪያው ትኩረት መርፌው ቆዳን ከመንካቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በምስል እንዲመለሱ ማድረግ ነው፤ እነሱም የትኛው ክፍተት፣ በየት አቅጣጫ እና እስከ ምን ጥልቀት የሚሉት ናቸው።

የወገብ መርፌ ሥራ የተጀመረው ያለ ምስል ነው። ክዊንከ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 ከወገብ ፈሳሽ ሲቀዳ ራጅ ገና አልተገኘም ነበር፤ የተገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ጣት የሥራው መሪ ሆኖ የቆየውም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ሁለቱን የዳሌ አጥንት ጫፎች ይዘን በመካከላቸው የምናሰምረው ምናባዊ መስመር አራተኛውን የወገብ አንጓ፣ ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለውን ክፍተት ያቋርጣል ተብለን ተምረናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት 100 ታካሚዎች ላይ በጣት የተገመተውን ክፍተት በኤምአርአይ ሲያመሳክር፣ ግምቱ ትክክል ሆኖ የተገኘው በ29 በመቶው ብቻ ነበር። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ስሕተቱ ወደ ላይ ማዘንበሉ ነው፤ ባለሙያው ካሰበው ክፍተት በላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። ሕብለ ሰረሰር በአብዛኛው አዋቂ ሰው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ቢያበቃም፣ በጥቂት ሰዎች ከዚያ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአንድ ወይም በሁለት ክፍተት ወደ ላይ የተሳሳተ ጣት መርፌውን ወደ ነርቩ ሊያደርሰው ይችላል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንዲት ወላድ ላይ በኤል3 እና በኤል4 (በሦስተኛውና በአራተኛው የወገብ አንጓ) መካከል ነው ብዬ የወጋሁትን ቦታ በማግሥቱ በአልትራሳውንድ ስቆጥረው፣ በኤል2 እና በኤል3 መካከል ሆኖ አገኘሁት። ደግነቱ እናትየዋ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስቸግር ጀርባ ሲገጥመኝ በምስል ሳልቆጥርና ቁጥሩን ሳልጽፍ መርፌ አላነሳም።

ለማን ነው የሚያስፈልገው?

አጥንቱ በግልጽ የሚዳሰስ ቀጭን ወጣት ሁልጊዜ ይህን ሁሉ ሂደት አይጠይቅም። ጀርባው ወፍራም ለሆነ ሰው፣ በእርግዝና ምክንያት ወገቧ ላበጠ እናት፣ ጀርባው ለጎበጠ ወይም ወደ ጎን ለዞረ ሰው፣ ከዚህ በፊት አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ጅማቶቹ ለደረቁ አዛውንት፣ እንዲሁም ቀደም ሲል ተሞክሮ መርፌው እምቢ ላለበት ታካሚ ግን ምስሉን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር አይገባም። ናይስ በመባል የሚታወቀው የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 አልትራሳውንድን ለኤፒዱራል (የነርቩን ሽፋን ሳይበሱ ከውጭው ማደንዘዣ ለሚሰጥበት) ሥራ መጠቀምን የሚደግፍ መመሪያ አውጥቷል፤ ስለዚህ አሠራሩ አዲስ ሙከራ አይደለም።

አንድ ልዩ ጉዳይ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ፈሳሽ በሚቀዳበት ጊዜ የንቃት መቀነስ፣ በቅርቡ የታየ የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ወገን አካል ድክመት ወይም በዓይን ምርመራ የታየ የነርቭ እብጠት ካለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መርፌውን ጨርሶ ማስገባት ይገባል ወይ የሚል ስለሆነ፣ አስቀድሞ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ሲቲው ወዳለበት ሆስፒታል ለመላክ ሰዓታት የሚወስድ ከሆነ የደም ናሙና ወስዶ አንቲባዮቲኩን ወዲያውኑ መጀመር ይገባል፤ ሕክምናው ምስሉን መጠበቅ የለበትም።

አንደኛ፦ በታካሚው እጅ ያለውን ምስል ማንበብ

ከወረኢሉ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከባቲ የሚመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ራጁን በፌስታል ይዞ ይመጣል። አዲስ ከማዘዝዎ በፊት ያንን ያውጡ፤ ስሙን፣ ቀኑንና የግራ ወይም የቀኝ ምልክቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ፊልሙን በብርሃን ሰሌዳው ላይ ያንጠልጥሉ። ከፊት በተነሳው ራጅ ላይ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ፈልገው ከሱ ወደ ታች ይቁጠሩ። አምስት የወገብ አንጓ ይጠበቃል፤ ሆኖም በአንዳንድ ሰው አምስተኛው ከቂጥ አጥንቱ ጋር የተጣበቀ፣ በሌላው ደግሞ የቂጥ አጥንቱ የመጀመሪያ ክፍል ራሱን ችሎ ስድስተኛ አንጓ የመሰለ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልተረዳ ሰው በኋላ በአልትራሳውንድ ከታች ወደ ላይ ሲቆጥር በአንድ ደረጃ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የተለየ ነገር ካዩ በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉት።

በዚያው ፊልም ላይ በእያንዳንዱ ሁለት አንጓ መካከል፣ በመሐል መስመር ላይ፣ ጥቁር መስኮት መኖሩን ይመልከቱ። መርፌው የሚያልፈው በዚያ ነው። የትኛው መስኮት ሰፊ፣ የትኛው ጠባብ ወይም የተዘጋ እንደሆነ መለየት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ከመውጋት ግን ያድናል። የአከርካሪ ቲቢ ባለበት ሰው የአንጓ መሰባበር፣ መጉበጥና በጎን በኩል የመግል ጥላ ሊታይ ስለሚችል፣ የተመረዘ አካባቢን አልፎ ወደ ፈሳሹ መግባት እንደማይፈቀድ በማስታወስ መንገዱን ከዚያ ያርቁ።

ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ካለ ጥቅሙ ይበልጣል፤ ኤምአርአይው ሕብለ ሰረሰሩ የት እንደሚያበቃ በቀጥታ ያሳያል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ታካሚው ምስሉን የተነሳው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ሲሆን፣ እርስዎ መርፌ የሚያስገቡት ተቀምጦና ወገቡን አጉብጦ ነው። በሁለቱ አቀማመጦች መካከል የአጥንቶቹ ክፍተት ይሰፋል፣ ቆዳው ከአጥንቱ በላይ ይንሸራተታል፣ በክብደቱ ተጨፍልቆ የነበረው የጀርባ ሥብም ይለቀቃል። ስለዚህ ደረጃውንና የአጥንቱን ቅርጽ ከሲቲው ወይም ከኤምአርአይው ይውሰዱ፤ ከቆዳ ያለውን ጥልቀትና የመግቢያ ነጥቡን ግን መርፌው በሚገባበት አቀማመጥ ላይ በአልትራሳውንድ እንደገና ይለኩ።

ሁለተኛ፦ ታካሚውንና መሣሪያውን ማዘጋጀት

የደም መርጋት ሁኔታውን፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሕዋሳት) ቁጥሩን ሳያዩ ምስል ማንሳት ድካም ነው። ፈሳሽ ለመቅዳት ከ50,000 በታች የሆነ የፕላትሌት ቁጥር በብዙ መመሪያዎች አይደገፍም፤ ለሰመመን ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ይጠየቃል።

ታካሚውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው እግሩን በርጩማ ላይ ያሳርፉ፤ ትራስ ያሳቅፉትና አንድ ረዳት ከፊቱ ይቁም። «ጎንበስ ይበሉ» ብቻ ሲባል አብዛኛው ሰው ከዳሌው ወደ ፊት ይዘነበላል እንጂ ወገቡን አያጎብጥም። እጅዎን ወገቡ ላይ አድርገው «እማማ፣ ትራሱን እቅፍ አድርገው ይህን ቦታ ወደ እጄ ይግፉት» ማለት የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋ ከተማ በመሆኗ በክረምት ጠዋት ቀዝቃዛ ጄል በባዶ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ታካሚው ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻውም ይጠነክራል፤ የጄሉን ጠርሙስ አስቀድመው ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ቀሪውን ደግሞ የወሎ «አብሽሪ» ይሠራዋል፤ የታካሚዋ ትከሻ ዘና ሲል በምስሉ ላይ ያለው ክፍተት ሲሰፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መሣሪያው ባትሪው ሞልቶ ይጠብቅ።

የሚመረጠው ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የአልትራሳውንዱ ክፍል) ጥምዝ ፊት ያለው፣ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሚሠራው፣ ለሆድ ምርመራ የምንጠቀምበት ነው። ቀጥ ያለው የደም ሥር ፕሮብ በጣም ቀጭን ከሆነ ሰው በስተቀር ወደሚፈለገው ጥልቀት አይደርስም። የምስሉን ጥልቀት በ8 ወይም በ10 ሴንቲ ሜትር ይጀምሩ።

ሦስተኛ፦ ከታች ወደ ላይ መቁጠር

የሥራው እምብርት ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ፕሮቡን ከአከርካሪው ጋር ትይዩ፣ ከመሐል መስመር ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን አድርገው፣ የአቅጣጫ ምልክቱን ወደ ራስ አዙረው ያስቀምጡ። በመጀመሪያ የሚታየው የአንጓዎቹ የጎን ክንፎች ጥላ ነው፤ በጣቶች መካከል እንደሚታይ ብርሃን ጥቁርና ግራጫ ተፈራርቆ ይወርዳል። ፕሮቡን ቀስ ብለው ወደ መሐል ሲያንሸራትቱ የመገጣጠሚያ አጥንቶቹ ተያይዘው ይመጣሉ፤ በባቲ የሰኞ ገበያ በተርታ የተንበረከኩ ግመሎችን ሻኛ ያየ ሰው ይህን ምስል አይስተውም። እዚያው ላይ ሆነው፣ ፕሮቡን ከቦታው ሳያነሱ፣ የሚልከው የድምፅ ሞገድ ወደ መሐል እንዲያመራ ዘንበል ያድርጉት። ሻኛዎቹ ተለያይተው የመጋዝ ጥርስ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ጥርስ ላሚና የምንለው የአንጓው የኋላ ግድግዳ ነው።

በጥርሶቹ መካከል በጥልቁ ሁለት ነጭ መስመሮች ይታያሉ። ቅርቡ የቢጫው ጅማትና የኋላው ዱራ (ፈሳሹን የያዘው ሽፋን) አንድ ላይ የሚሰጡት መስመር ነው፤ የኋላው መስመር ብለን እንጥራው። ራቅ ያለው ደግሞ የፊተኛው ዱራ፣ በአንጓው ጀርባ የሚወርደው ጅማትና የአንጓው አካል አንድ ላይ የሚሰጡት ነው፤ የፊተኛው መስመር እንበለው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቁር ቦታ ፈሳሹ ያለበት ነው። የፊተኛው መስመር በደንብ ከታየ የአልትራሳውንዱ ድምፅ ያለ እንቅፋት አልፏል ማለት ስለሆነ መርፌውም በዚያው መንገድ ሊያልፍ እንደሚችል ጥሩ ፍንጭ ነው፤ በአንጻሩ የኋላው መስመር ብቻ ከታየ ወይም ሁለቱም ከጠፉ ሌላ ክፍተት ይፈልጉ።

አሁን ዘንበል ያለውን ፕሮብ ሳይለቁ ወደ ታች ያንሸራትቱ። ጥርሶቹ አልቀው አንድ ያልተቋረጠ ነጭ መስመር ሲመጣ የቂጥ አጥንቱ ላይ ደርሰዋል። በዚያ መስመርና በመጀመሪያው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት በአምስተኛው የወገብ አንጓና በቂጥ አጥንቱ መካከል ያለው ነው። ከዚያ ወደ ላይ አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ ያለው የኤል4 እና የኤል5፣ ከዚያ በላይ ያለው የኤል3 እና የኤል4 ነው። እያንዳንዱን በምስሉ መካከል አምጥተው በፕሮቡ ጎን መካከል ላይ ቆዳውን ያመልክቱ። ቁጥሩን ድምፅ አውጥተው ለረዳቱ ይንገሩ፤ በሆድ የተቆጠረ ይጠፋል። ቆጠራውን አንድ ጊዜ ከደገሙት በኋላ በሰመመን ሥራ ከኤል3 እና ኤል4 ክፍተት በላይ ላለመውጣት ይወስኑ፤ ለሕፃናት ደግሞ፣ በተወለዱ ጊዜ ሕብለ ሰረሰሩ እስከ ሦስተኛው አንጓ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከዚያም ዝቅ ይበሉ።

አራተኛ፦ መሐሉን ማግኘትና ማመልከት

ፕሮቡን በተመረጠው ደረጃ ላይ በ90 ዲግሪ ያዙሩት። ከአንጓው የኋላ እሾህ በላይ ከሆኑ አንድ ነጭ ነጥብና ከሥሩ የሚወርድ ጥቁር ጥላ ይታያል፤ ጥላው በስክሪኑ መካከል ሲሆን ፕሮቡ መሐል ላይ ነው፤ ከላይና ከታች ያመልክቱ። ከዚያ ወደ ክፍተቱ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትቱ፤ ጥላው ጠፍቶ በግራና በቀኝ እኩል የሆኑ አጥንቶች፣ በመካከላቸውም ሁለቱ ነጭ መስመሮች ይመጣሉ፤ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ ይመስላል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ አከርካሪው ዞሯል ወይም ፕሮቡ ዘንበል ብሏል። መስመሮቹ እንዲጠሩ ፕሮቡን ወደ ራስ በኩል በትንሹ ማዘንበል ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያንን የዝንባሌ መጠን በዓይንዎ ይያዙት፣ መርፌው የሚከተለው እሱን ነው።

አሁን በፕሮቡ በሁለቱ ጎኖች የክፍተቱን ደረጃ ያመልክቱና ከመሐል መስመሩ ጋር ያገናኙ፤ የሚገናኙበት ነጥብ መግቢያው ነው። ስለ እስክሪብቶ አንድ ማስታወሻ ልጨምር፤ በአልኮል ሲጠረግ ቀለሙ ይጠፋል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ላቡ ብቻውን ያጠፋዋል። እኔ የምመርጠው የመርፌ ክዳን ክፍት ጫፍን መግቢያው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጎ ክብ አሻራ መተው ነው፤ ተጠርጎም ይታያል።

አምስተኛ፦ ጥልቀቱ

ምስሉን አቁመው ከቆዳ እስከ ኋላው መስመር ያለውን ርቀት ይለኩ። በአብዛኛው አዋቂ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ወፍራም በሆነ ሰው ይበልጣል። የተለመደው መርፌ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልኬቱ ወደ 8 ከተጠጋ ረጅም መርፌ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ፕሮቡን አጥብቆ የሚጫን እጅ ሥቡን ስለሚጨፈልቅ ልኬቱ ያንሳል፤ ከመለካትዎ በፊት ጫናውን ቀለል ያድርጉት። እንዲያም ሆኖ መርፌው በምስሉ ላይ ከተለካው ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

መርፌው ሲገባ

ጄሉን ሙሉ በሙሉ ይጥረጉ፤ በመርፌው ጫፍ ተይዞ ወደ ነርቭ አካባቢ መግባት የለበትም። የሚጠቀሙት የጀርም ማጥፊያም እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከምልክቱ በኋላ ታካሚው ከተንቀሳቀሰ ምልክቱ ከአጥንቱ ጋር አይገጥምምና ምስሉን እንደገና ያንሱ፤ «ትንሽ ነው የተንቀሳቀሰችው» ተብሎ አይታለፍም።

መርፌው ከተለካው ጥልቀት በጣም ቀድሞ አጥንት ከነካ የኋላውን እሾህ ነክቷል፤ እስከ ቆዳው ሥር መልሰው ዝንባሌውን ወደ ራስ በትንሹ ይለውጡ። ጠልቆ ሄዶ ከነካ ላሚናውን መሆኑ ይገመታል። ከልኬቱ አንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አልፎ አጥንትም ፈሳሽም ከሌለ ከመሐል ወጥቷል ማለት ነው፤ ውስጥ ሆነው አያጣሙት፣ ያውጡና እንደገና ያቅኑ። ታካሚዋ «ቀኝ እግሬን ነዘረኝ» ካለች መርፌው ወደ ቀኝ ስቷል፤ ወዲያው መልሱት፣ በዚያ ቦታ ምንም መድኃኒት አይገባም። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ አራተኛው ሙከራ ፕሮቡን መልሶ ማንሳት ወይም ሌላ ባለሙያ መጥራት ይሁን።

የዞረ አከርካሪ

አከርካሪው ወደ ጎን በጎበጠ ሰው የአንጓዎቹ የኋላ እሾህ ጫፍ ወደ ጎድጓዳው ወገን ይዞራል፣ የፈሳሹ ቦታ ደግሞ ወደ ጎበጠው ወገን ይርቃል። የእሾሁን ጫፍ ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚገባ ሰው የሚስተው ለዚህ ነው። ክፍተቱ በጎበጠው ወገን ሰፋ ስለሚል፣ ከእሾሁ ጎን በዚያ ወገን መግባትን ወይም መርፌውን ወደዚያ ማዘንበልን ያስቡ፤ መጠኑን ግን አስቀድሞ ራጁ፣ በመጨረሻም የሌሊት ወፉ ምስል ይወስናል። በብሎን የታሰረ አከርካሪ ላይ ብረቱ የራሱን ጥላ ስለሚጥል ራጁን ይዞ ከብረቱ በታች ወይም በላይ ያለ ክፍተት መምረጥ ይሻላል።

በሲቲ ለሚወሰድ የአጥንት ናሙና

እዚህ ዕቅዱም ሥራውም በአንድ አቀማመጥ፣ በሆድ ተተኝቶ፣ ስለሚካሄድ የአቀማመጥ ልዩነት ችግር ይወገዳል። ቀጫጭን ቱቦዎችን በእኩል ርቀት በፕላስተር ቆዳው ላይ ደርድረው ምስሉን ያንሱ፤ ተስማሚውን የምስል ቁራጭ መርጠው ከመሐል መስመር እስከ መግቢያው ያለውን ርቀት፣ ማዕዘኑንና ጥልቀቱን ይለኩ። የማሽኑ የብርሃን መስመር ከቱቦው ምልክት ጋር የሚገናኝበት ቦታ መግቢያው ነው። መርፌውን በደረጃ ያስገቡ፣ በየደረጃውም ጥቂት ቁራጭ ምስል ብቻ ያንሱ፤ ሰፊ ቦታን ደጋግሞ ማንሳት ለታካሚው ያለ ጥቅም የሚጨመር ጨረር ነው። በክፍሉ የሚቀር ሰው የእርሳስ ልብስ ይልበስ፣ ሊወጣ የሚችል ይውጣ።

ልምምድና መዝገብ

በታካሚ ላይ ከመጀመርዎ በፊት በባልደረቦችዎ ጀርባ ላይ ቆጠራውን ይለማመዱ፤ ፕሮብ ብቻ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። ከአናቶሚ ክፍል የተዋሱትን የፕላስቲክ አከርካሪ በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አጋድሞ በውሃው በኩል በፕሮቡ ምስሉን ማንሳትም የመጋዙን ጥርስና የሌሊት ወፉን ለመለየት እጅግ ይረዳል፤ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም የሚመች ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ታካሚ በአንድ ደብተር ላይ የመረጡትን ክፍተት፣ በምስል የተለካውን ጥልቀት፣ መርፌው በእርግጥ የደረሰበትን ጥልቀትና የሙከራውን ቁጥር ይመዝግቡ። በሁለቱ ጥልቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ከሆነ እጅዎ ፕሮቡን ምን ያህል እንደሚጫን ይነግርዎታል፤ እኔ በራሴ ደብተር ላይ ሃያ ያህል ታካሚ ከተመዘገበ በኋላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳንሼ እንደምለካ አወቅሁ፣ አሁንም ረጅሙን መርፌ ለማዘጋጀት ስወስን ያንን እጨምራለሁ።